ፕላኑላ አፍ የላትም

መምህር ተካልኝ ማረፋቸውን የነገረኝ ከመናኸሪያ ያሳፈረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። እሱም ተማሪያቸው ነበር። ደንግጬ ከአፌ ያመለጠኝ ጥያቄ «ቆመው ነው ተኝተው?» የሚል ሆነ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «ተኝተው ነው አሉ፤ እኔም አላመንኩም» አለኝ።

የጠየቅሁት ነገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውዬው ሲቀመጡ ያየ የቦንጋ ሰው ጥቂት ነው። በመምህራን ክበብ ሻያቸውን ቆመው ነው የሚጠጡት። ጋዜጣ በር ተደግፈው ያነባሉ። ለቅሶ ቤት «ይቀመጡ እንጂ» ሲባሉ «መጣሁ» ይሉና ድንኳኑን ሲዞሩ ይውላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አበበች «እኛ ቤት ወንበር የሚገዛው ለእንግዳ ነው» ይሉ ነበር። ከሳቸው ጋር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው እግሩን ይበላዋል፤ እኔ አሁን ስለሳቸው ስጽፍ እንኳ ሦስቴ ተነስቻለሁ።

መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት የተማሪ መዝገብ የሚይዘው የሬከርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ስለሳቸው ብዙ ይወራል፣ ግማሹ ቀልድ ነው። ቀልዱ ከምን እንደተነሳ ግን ከሥሩ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተናል። አንዷ እኔ ነኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የጨና ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ያዩት ትልቁ ውሃ የጎጀብ ወንዝ ነው፤ ባሕር እሳቸውም አላዩ፣ እኛም አላየን። ይሁንና ስለ ባሕር እንስሳት ሲያስተምሩ ጫማቸው እርጥብ የሆነ ይመስል ነበር። በተለይ የጄሊፊሽና የኮራል ትምህርት ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የእነዚህ እንስሳት እንቁላል መጀመሪያ የሚለወጠው ፕላኑላ ወደምትባል እጭ ነው። ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች። ገላዋን የሸፈነውን ፀጉር መሳይ ነገር እያርገበገበች ትዋኛለች፤ የምታርፍበት ጠንካራ ነገር እስክታገኝ ዕረፍት የላትም። ካገኘች ትጣበቃለች፣ ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ እዚያው ነው።

መምህር ተካልኝ ይህን ሲያስረዱ ጣቶቻቸውን እያርገበገቡ በዴስኮቹ መካከል ይዋኛሉ። በመንገዳቸው ያገኙትን ራስ ሁሉ ይነካሉ። «ይሄ አሸዋ ነው፣ አይሆንም! ይሄ ጭቃ ነው፣ አይሆንም!» ይሉና በመጨረሻ መዳፋቸውን አንዱ ሰነፍ ተማሪ አናት ላይ ጥፍ ያደርጉታል። «አገኘች! ድንጋይ!» ክፍሉ በሳቅ ያብዳል። የተመረጠው ልጅ ራሱ ይስቃል፤ ቀልዳቸው ክፋት አልነበረበትም። ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከዚያ ጠመኔ ያነሱና ይስላሉ። የተልባ ፍሬ የመሰለች ሞላላ ነገር፣ ዙሪያዋን ፀጉር፣ ከፊቷ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ። «ይህቺ አፏ ናት» ይሉናል ነጥቧን በጠመኔ እየደበደቡ። «ያለ አፍ ማንም አይኖርም፤ ድሃም ቢሆን አፍ አለው።» እኛም ነጥቧን በደብተራችን አስቀመጥን። ሥዕሉን ያገኙት ከማሠልጠኛ ይዘውት ከመጡት ሃንድአውት ላይ ነው። ያ ሃንድአውት በስቴንስል የተባዛ፣ ጠርዙ ያለቀ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ጥራዝ ነበር፤ መጽሐፍ በሌለበት ዘመን እንደ ዳዊት ነበር የሚይዙት።

ክፍላችን ውስጥ ብዙነሽ የምትባል የማንኪራ ገጠር ልጅ ነበረች። ቦንጋ ውስጥ ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ማንኪራ ወጥታ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። አባቷ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። አትናገርም፤ ከተናገረችም ከቤት ይዛው የመጣችው የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ አማርኛዋን እየጎተተው ቀስ ብላ ነው።

በዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና «ፕላኑላን ሥሎ ክፍሎቿን መሰየም» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ሁለት ማርክ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲታደል ብዙነሽ እጇን አወጣች። ከፊቷ ነበር የተቀመጥኩት፣ ስትነሳ ዴስኩ ነቀነቀኝ።

«ቲቸር፣ ይቺ ለምን ኤክስ ሆነች?»

«አፏ የታለ?»

«የላትም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ንብ ቀፎዋን ለቃ ስትወጣ ማር ጠግባ ነው የምትወጣው። ስንቋ ሆዷ ውስጥ ነው፣ ቤት እስክታገኝ አትበላም። ይቺም ቤት ፈላጊ ከሆነች አፍ ምን ያደርግላታል?»

መምህር ተካልኝ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ስለዚህ ንብ አፍ የላትም?»

«አላት... ግን...»

«እንግዲያስ! ብዙነሽ፣ የማንኪራ ንብ ባሕር ገብታ አታውቅም።»

ክፍሉ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ያውም ወደ ኋላ ዞሬ፣ ፊቷን እያየሁ። ብዙነሽ ወረቀቷን አጥፋ አጥፋ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ድረስ አሳነሰችው።

በትምህርት ቤታችን ደንብ በሦስት ትምህርት ከሃምሳ በታች ያመጣ ይደግም ነበር። ብዙነሽ በሂሳብና በእንግሊዝኛ ወድቃለች። ሦስተኛው ባዮሎጂ ሆነ፤ የዓመት አማካይዋ አርባ ዘጠኝ። መስከረም ላይ አልመጣችም። አባቷ «ለሌላ ዓመት ኪራይ አልከፍልም፣ አልሆነላትም» አሉ ተባለ። ቢታ ገነት ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ልብስ ስፌት ተማረች አሉ። የገጠር ልጅ ስታቋርጥ በዚያን ጊዜ ማንም «ለምን?» አይልም፤ እኔም አላልኩም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፕላዝማ መጣ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሬከርድ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። በየክፍሉ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይመጣል። የክፍሉ መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል እንጂ በመሃል መግባት የለም፤ ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም። መምህር ተካልኝን የመሰለ ሰው ጥግ ይዞ ቁም ሲባል ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ ተማሪዎቹ ማያውን ትተው እሳቸውን ያዩ ነበር።

አንድ ረፋድ መስኮቴ ጋ መጡ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። ሰላም ሳይሉኝ ያንን ሃንድአውት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ዘኑ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ጣታቸው ነጥቧ ላይ ነው።

«የፕላኑላ አፍ ነዋ» አልኳቸው ኮራ ብዬ፤ አልረሳሁትም።

«ገልብጪው።»

ገለበጥኩ። በሚቀጥለው ገጽ፣ በዚያችው ቦታ፣ የእንቁራሪት ሆድ ላይ ያቺው ነጥብ አለች። ከዚያ በሚቀጥለውም፤ ጽሑፉን አልፋ ባዶው ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ነበረች።

«የማባዣው ማሽን ቀለም ነው» አሉ። «ዛሬ በፕላዝማ አሳዩአት፤ ይሄን ያህል አድርገው አጉልተው። ምንም የላትም! የምትኖረው በያዘችው ስንቅ ነው። አፍ የሚከፈትላት ካረፈች በኋላ ነው፣ እሱም በፊቷ አይደለም፣ በስተኋላዋ በኩል። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የቀለም ጠብታ ሳስተምር ኖሬአለሁ።»

የቀልዱ መነሻ ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ተካልኝ የድሮ ተማሪዎቻቸውን በገበያ፣ በባንክ ሰልፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እያስቆሙ «ፕላኑላ አፍ የላትም፤ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ» ይሉ ጀመር። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ ሱቁ ድረስ ሲመጡበት «ቲቸር፣ እኔ አቡጀዴ ነው የምሸጠው፣ አፍ ቢኖራትም ባይኖራትም ችግር የለብኝም» ብሏቸዋል። «አይ፣ ያዘው ብቻ» ብለው እጁን ጨብጠውት ወጡ። ከተማው «አፍ የላትም» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ሲጠራባቸው ዘወር ብለው «ልክ ነህ» ይላሉ።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላው ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የድሮ ሮስተሮችን፣ የተማሪ ውጤት የተሞላባቸውን መዝገቦች፣ ያስወርዱኝ ነበር። በዚያ ጥያቄ ምክንያት የወደቀ ሰው እንዳለ ሊፈትሹ ነው። ሦስት ቀን አገላበጥን። በሦስተኛው ቀን ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። አርባ ዘጠኝ። ሁለት ማርክ ለሁለት ሴሚስተር ሲካፈል አንድ ነው፤ አርባ ዘጠኝና አንድ ሃምሳ። ለማስላት ወረቀት አያስፈልግም ነበር። ወደ ኋላቸው በእጃቸው ዳበሱና የወረቀት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ደስ አይልም።

«የንቧ ልጅ» አሉ ቆይተው።

ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ቢታ ገነት ሄድን። እኔን የወሰዱኝ «ሴት ልጅ ቤት ብቻዬን ምን ብዬ እገባለሁ፣ አንቺ አብረሻት ተምረሻል» ብለው ነው። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ተበላሽቷል፤ መኪናው ጭቃ በያዘው ቁጥር እሳቸው ወርደው ይራመዳሉ፣ እኛ ደርሰን እንጭናቸዋለን። በየመሃሉ የሚናገሩትን ይለማመዳሉ። ሾፌሩ «እናት አባቷ ሞተው ልታረዷት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ብዙነሽ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ስፌት መኪና ይዛ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ስታየን ተነሳች፣ ሳመችኝ፣ ለሳቸው አጎነበሰች። «ምነው በደኅና?» አለች። መምህር ተካልኝ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው። ከጠረጴዛዋ ላይ የልብስ መቁረጫ ጠመኔዋን አነሱና በተዘረጋው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ፕላኑላን ሣሉ፤ ያለ ነጥብ።

«አንቺ ነበርሽ ልክ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አፍ የላትም።»

ብዙነሽ ሥዕሉን አየችው፣ ቶሎ አላወቀችውም። ከዚያ ስታውቀው ፊቷ ላይ አየሁ።

«ስንት ነበር የጎደለኝ?»

«አንድ።»

«አንድ?»

«አንድ።»

ስፌት መኪናዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉን ይመታል፣ መርፌው ግን ጨርቅ አልያዘም። «እኔ እኮ ብዙ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለአባቴ ‘ብዙ ነው የጎደለኝ፣ ትምህርት አይገባኝም’ ነው ያልኩት። ራሴም እንደዚያ ብዬ አምኜ አምስት ዓመት ተኝቼ አደርኩ። አሁን አንድ ነው ይሉኛል። ለምን ነገሩኝ ጋሼ?»

«አላስችል ብሎኝ ነው።»

«እንግዲያ ለራስዎ ነው የመጡት።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ጠመኔውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡ።

«አዎ» አሉ። «ለራሴ ነው። ለአንቺ ምን ላድርግ?»

«ወረቀቱን ያስተካክሉታ! አባቴ የሚያምነው ማኅተም ያለበትን ነው። ‘ብዙነሽ አልወደቀችም’ የሚል ወረቀት ያምጡልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስትሸኘን እኔን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ስለዚያ ቀን ሳቄ ልነግራት አፌን ከፍቼ «ደኅና ነኝ» አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። «የተዘጋ ሮስተር በመምህር ቃል ብቻ አይከፈትም፤ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል» አሉ። ለአንድ ነጥብ ብሎ ስብሰባ የሚጠራ ግን ማን ነው? መምህር ተካልኝ ለሳምንታት ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። ጫማቸው ተበላ። ከዚያ የሴሚስተሩ ግምገማ ደረሰ።

በዚያ ዘመን መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ግምገማን ያውቃል። እያንዳንዱ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ሁሉም የማትጎዳ ጥፋት አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ «አልፎ አልፎ ሰዓት አላከብርም»፣ «ሌሰን ፕላን አዘገያለሁ»። ይጻፋል፣ ይታለፋል። መምህር ተካልኝ ተራቸው ሲደርስ መነሳት አላስፈለጋቸውም፣ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ።

«በአንዲት ሴት ተማሪ ላይ በደል ፈጽሜያለሁ» አሉ።

ሁሉም የየራሱን መጥፎ ሐሳብ አሰበ።

«ፕላኑላ አፍ አላት ብዬ።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ሰብሳቢው ጠረጴዛ መቱ። «መምህር፣ መድረኩን የቀልድ አያድርጉት!»

«ቀልድ አይደለም። ልጅቷ ልክ ነበረች፣ ማርኳን ነሳኋት፣ በዚያ ወደቀች። ይመዝገብልኝ።»

«ምን ብለን እንመዝግበው? ጥፋት ምክንያት ይኖረዋል። ቸልተኝነት ነው? የአቅም ማነስ ነው?»

የአቅም ማነስ የሚለው ቃል በአንድ መምህር ፋይል ከገባ የደረጃ እድገቱን እንደሚበላው እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። እድገታቸው ደግሞ በዚያው ዓመት ነበር የሚደርሰው። ብዕሬን አንስቼ አየኋቸው፤ «ቸልተኝነት በሉ» ብዬ በዐይኔ ለመንኳቸው።

«ቸልተኛ አልነበርኩም» አሉ። «ተጠንቅቄ ነው የተሳሳትኩት። የማላውቀውን እንደማውቅ አስተማርኩ፣ የምታውቀዋን ሳቅሁባት። የአቅም ማነስ ነው። ጻፊው ዘኑ።»

ጻፍኩት። ሁለት ቦታ ሰርዤዋለሁ። አባላት ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። በዚያ ቃለ ጉባኤ ሮስተሩ ተከፈተ፣ አርባ ዘጠኙ ተሰርዞ ሃምሳ ተጻፈ፣ «ከዘጠነኛ ወደ አሥረኛ ክፍል ተዛውራለች» የሚል ወረቀት ወጣ። እድገታቸውም እንደተፈራው ቀረ። እትዬ አበበች ለአንድ ሰሞን አላናገሯቸውም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ወረቀቱን ልንልክላት ስንል ብዙነሽ ራሷ መጣች። መስኮቴ ጋ ቆማ ፈርማ ተቀበለች። አንዴ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ «ምዝገባ መቼ ነው?» አለችኝ። ለአባቷ ማሳያ ብቻ የምትወስደው መስሎኝ ነበር።

መምህር ተካልኝ ግቢው ውስጥ ዛፍ ዛፉን ይዞራሉ፣ መቅረብ ፈርተዋል። እሷ ወደሳቸው ሄደች። በመስኮት እሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሥረኛ ልገባ ነው።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

«ግን ባዮሎጂ እርስዎ እንዲያስተምሩኝ አልፈልግም። አልቀየምኩም፤ ስጠይቅ የሚስቁብኝ እየመሰለኝ አፌ አይከፈትልኝም። ሌላ መምህር ቢኖር...»

አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ በትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ብቻ ነበረው። እሳቸው ናቸው። ብሔራዊ ፈተና የሚፈተነውን ክፍል ማስተማር ኩራታቸው ነበር፤ ውጤት በወጣ ቁጥር ከተማውን የሚዞሩት በዚያ ነው። እግራቸው እንኳ ቆመ።

«ይኖራል» አሏት።

በማግሥቱ አሥረኛን ለአንድ አዲስ ምሩቅ ወጣት አስረክበው ዘጠነኛን ብቻ ያዙ። ምክንያት አልሰጡም። ከተማው «ግምገማው ዝቅ አደረጋቸው» ብሎ አወራ፣ አስተባብለው አያውቁም። እኔ ደግሞ ነገሩን እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ አደራ ያለኝ ሰው ስላልነበረ ዝምታዬ አደራ ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም። ብዙነሽ ስፌት መኪናዋን ጭና መጥታ፣ ቀን እየተማረች ማምሻውን እየሰፋች ዓመቱን ጨረሰች።

የብሔራዊ ፈተናው ውጤት መስከረም ላይ የመጣ ቀን ገና ሳልለጥፈው መምህር ተካልኝ በሬ ላይ ደረሱ። በእረፍት ሰዓት ነው፣ ጣቶቻቸው በጠመኔ ነጭተዋል። አልገቡም።

«አለፈች?»

«አልፋለች።»

«ባዮሎጂስ?»

«ቢ።»

ጠመኔውን ከእጃቸው አራገፉ። አንድ እርምጃ ሄዱና ተመለሱ፣ የሚሉት ነገር ያለ ይመስል ነበር፣ እንደገና ሄዱ። ደወሉ ተደወለ። ከመተላለፊያው ጫፍ ዞረው «ጥሩ አስተማሪ ገጥሟታል» አሉኝና ዘጠነኛ ክፍል ገቡ።